መምህር ይርጋ ለብቻቸው ያነበቡት

ባለፈው ሳምንት ንፋስ መውጫ፣ ከመናኸሪያው ማዶ ካለች ምግብ ቤት ስገባ፣ ቀድሞ ያስተማርኳቸው ሁለት ወጣቶች የቀረበላቸውን ሽሮ ሳይነኩ ሲከራከሩ አገኘኋቸው። ሁለቱም ሶፍትዌር ሠሪዎች ናቸው። የኮምፒውተር አምራቾች የኦፕሬቲንግ ሲስተማቸውን ሶርስ ኮድ፣ ማለትም ማሽኑን ከሥር የሚያሠራውን ጽሑፍ፣ ለሌሎች ባለሙያዎች ይልቀቁ ወይስ አይልቀቁ ነበር ጉዳዩ። "ቲቸር፣ እስኪ እርስዎ ይፍረዱን" አሉኝ። ልናገር ስል መምህር ይርጋ ትዝ አሉኝ።

ከዩኒቨርሲቲ ወጥቼ እዚሁ ከተማ ኮምፒውተር ማስተማር ስጀምር፣ መምህር ይርጋ የሥነ ዜጋ አስተማሪ ነበሩ። የእስቴ ሰው ናቸው፤ በልጅነታቸው ኩፍኝ ዓይናቸውን አጥፍቶታል። ብሬል ያውቃሉ፤ ግን በብሬል የሚገኝ መጽሐፍ ጥቂት ነው። የቀረውን ሁሉ፣ ጋዜጣውንም የተማሪ ፈተናውንም፣ የምታነብላቸው አንዲት ልጃቸው ትርንጎ ነበረች። እናቷ በሕይወት የለችም። በዚያ ዓመት ትርንጎ የዩኒቨርሲቲ መግቢያ አልፋ ሩቅ አገር ተመደበች።

"አልሄድም" አለች። "አባ፣ ማን ሊያነብልህ ነው?"

መምህር ይርጋ ይህን ከሰሙ በኋላ ኮምፒውተር ክፍሌ ድረስ መጡ። "ይህ ማሽን ያነባል ይባላል፤ እውነት ነው?" አሉኝ። እንግሊዝኛ ጽፌ አሰማኋቸው፤ ፊታቸው በራ። አማርኛ ስሰጠው ግን ፊደሉን ሁሉ ዘሎ ጸጥ አለ። ለምን እንደሚዘል ውስጡን ባየው ምናልባት አስተካክለው ነበር፤ ኮዱ ግን ዝግ ነው። ለአምራቹ ጻፍኩ። ጨዋ መልስ መጣ፤ አማርኛ በእቅዳቸው የለም፣ ኮዱም ለውጭ ሰው አይሰጥም። አነበብኩላቸው።

"ቋንቋችሁን አንሠራም ማለት መብታቸው ነው" አሉ መምህር ይርጋ። "እናንተም አትሥሩት ማለታቸው ግን አልገባኝም።"

ርዕሰ መምህሩ አጠገባችን ነበሩ። "ሰዎቹ ስንት ዘመን የለፉበት ነው። እንዲሁ ካደሉት ነገ ማን ይለፋል?" አሉ። ሐሰት አልነበረም።

"ልክ ነዎት" አሉ መምህር ይርጋ። "እኔ ግን ልውሰድባቸው አላልኩም። ላንብብ ነው ያልኩት።"

ባሕር ዳር የሚኖር ጓደኛዬ ኮዱ ለማንም ክፍት የሆነ ሌላ ሲስተም በሲዲ ላከልኝ። ክረምቱ ገባ። የጉና ጉም እስከ ትምህርት ቤቱ ግቢ ይወርዳል፤ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው መነጋገር ያቅተናል፤ መብራት ይሄዳል ይመጣል። እኔ ኮዱ ውስጥ ገብቼ ፊደሉን ከድምፁ ሳገናኝ፣ እሳቸው ጋቢ ተከናንበው የገብስ ቆሎ እየቆረጠሙ ያዳምጣሉ፤ ሲሳሳትም ያርሙኛል። ማጥበቅና ማላላቱ ግን አሸነፈን። ማሽኑ "አለ" ሲል ሰውዬው መናገሩ ይሁን መኖሩ አይለይም። "ተዪው፣ እሱን እኔ እለየዋለሁ" ይሉኝ ነበር።

ትርንጎ ግን ማሽኑ እንደሚበቃቸው አላመነችም። መሄጃዋ ደርሶ እንኳ ሻንጣ አላነሳችም። አንድ ጠዋት፣ ሜዳው አደይ አበባ ማውጣት በጀመረበት ሰሞን፣ አባቷን ይዛ መጣች። ምንም ሳትለኝ ኮምፒውተሩ ፊት ተቀምጣ መጻፍ ጀመረች። ብዙ ጻፈች። ከዚያ ማዳመጫውን ጆሯቸው ላይ አድርጋ፣ ጣታቸውን ማስነበቢያው ቁልፍ ላይ አሳረፈችና መስኮቱ ጋ ሄዳ ጀርባዋን ሰጥታን ቆመች።

መምህር ይርጋ አዳመጡ። አንዱ ቦታ ላይ ሲደርሱ መልሰው ሰሙት። እንባቸው ሲወርድ አልጠረጉትም። ሲጨርሱ ማዳመጫውን አወለቁ።

"ገባኝ ልጄ" አሉ። "ሁሉም ገባኝ። በይ አሁን ሂጂ።"

ትርንጎ መጥታ ትከሻቸው ላይ ተደፍታ አለቀሰች። በዚያው ሳምንት አውቶቡስ ተሳፈረች። ማሽኑ ወረቀት ማንበብ ስለማይችል ለጋዜጣውና ለተማሪዎቻቸው ፈተና የሰው ዓይን ማስፈለጉ አልቀረም፤ ኮምፒውተር ላይ የሚጻፈውን ግን ጡረታ እስኪወጡ ድረስ ራሳቸው ጽፈው ራሳቸው አነበቡ። አሁን አርፈዋል። ትርንጎ ወገዳ ውስጥ የጤና መኮንን ናት።

ለሁለቱ ወጣቶች ይህንኑ ነገርኳቸው። "ታዲያ ሁሉም ይልቀቁ ነው የሚሉት?" አለኝ አንደኛው።

ሁሉም ይልቀቁ ለማለት አልደፍርም፤ የርዕሰ መምህሩን ጥያቄ እስከ ዛሬ አልመለስኩትም። ነገር ግን ለእናንተ አንሠራም ያለ ሰው፣ ራሳችን ገብተን እንድንሠራው ቢፈቅድ ምን እንደሚጎድልበት አላውቅም። ትርንጎን እስከ ዛሬ አገኛታለሁ፤ ያን ጠዋት የጻፈችውን ግን ጠይቄያት አላውቅም። ከብሬሉ በቀር መምህር ይርጋ እስከዚያ ድረስ ዕድሜያቸውን ሙሉ ያነበቡት በሌላ ሰው አፍ ነበር። ያ የልጃቸው ጽሑፍ ግን የእሳቸው ብቻ ነው፤ እኔ ልሰማው አይገባም።