ቅቤ የጠጣው ጊታር

ፍኖተ ሰላም ውስጥ ጊታር ያለው ሰው ጥቂት ነው፤ ስድስት ጊታር ያላት ግን አንዲት ሰው ብቻ ነበረች፤ የሥነ ውበት መምህርቷ እንቁ አብተው። አንዲት ክፍል ቤት ተከራይታ፣ ከአልጋዋ በላይ ያለውን ግድግዳ በሙሉ ለጊታሮቹ ለቃለች። ጎረቤቷ ወይዘሮ ሀብትነሽ "ባል ሲመጣ የት ልትሰቅይው ነው?" እያሉ ሲቀልዱባት፣ "እሱማ ይቀመጣል እንጂ አይሰቀልም" ብላ ትስቃለች።

ታዲያ እነዚህ ጊታሮች እንደተፈጠሩ የኖሩ እንዳይመስላችሁ። እንቁ እጇ አያርፍም። የመጀመሪያው ከደርግ ጊዜ የቀበሌ ኪነት ቡድን የተረፈ፣ አንገቱ የተሰበረ ነበር፤ በዋንዛ ተካችለት። ሌላው የቡሬው አውቶብስ ሹፌር ቢሆነኝ ከመርካቶ ያመጣላት፣ የልጅ መጫወቻ የሚመስል ሮዝ ጊታር ነው፤ ክሩ ሲበጠስባት የብስክሌት ፍሬን ሽቦ ፈትታ ወጠረችበት። ድምፁ ጎረቤት ያስቀይም ነበር፤ እሷ ግን ወደደችው። ከአንዱ ላይ ደግሞ በአንገቱ የተደረደሩትን ብረቶች አንድ ባንድ ነቅላ ጣለች፤ ጣቷ እንደ ማሲንቆ እንዲንሸራተትላት ነው። አምባሰልን በሱ የተጫወተች ዕለት ትምህርት ቤት ድረስ እያንጎራጎረች ሄደች።

የዓይኗ ብሌን ግን ስድስተኛው ነበር። ደረቱን ራሷ ከዋንዛ ሳንቃ ፍቃ፣ አሳስታ ሠርታዋለች። በጋው ሲጠና እንጨቱ እንዳይሰነጠቅባት ፈራች። እናቷ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ አዲስ ቅልና አዲስ አገልግል በቅቤ ሲያሹ እያየች ያደገች ናት፤ እሷም ለጋ ቅቤ ገዝታ ጊታሩን እስኪጠግብ ቀባችው። ወዝ አወጣ፣ አማረበት። ትንሽ መሽተቱ አልቀረም፤ ቆንጆ ልጅስ ቅቤ ትቀባ የለ!

በሚሊኒየሙ ዓመት፣ ጥምቀት እንዳለፈ፣ አባቷ አቶ አብተው ለዓይናቸው ሕክምና ከማንኩሳ ገጠር መጡ። ወደ ውስጥ የታጠፈው ሽፋሽፍት ዓይናቸውን እየወጋ ሊያሳውራቸው ነበር። ሐኪሙ የቀኙን ሠርቶ አሸገና ለግራው ከሁለት ሳምንት በኋላ ቀጠራቸው። እንቁ አባቷን ታውቃቸዋለች፤ አንዴ አገራቸው ከገቡ፣ አውድማውና ከብቱ ይዟቸው፣ ለሁለተኛው ዓይን በገመድ ቢጎትቷቸው አይመጡም። እዚሁ ማቆየት አለባት። አለዚያ ዓይናቸው መጥፋቱ ነው።

አቶ አብተው ግን ከሐኪም ቤት ይዛቸው ስትመጣ፣ ግድግዳውን አይተው በሩ ላይ ቆሙ።

"ይኸ ሁሉ የማን ነው?"

"የኔ ነው አባባ። ይግቡ እንጂ።"

"የአብተው ልጅ አዝማሪ ሁናለች ቢለኝ፣ ቀጣፊ ብዬ የተጣላሁት ሰው አለ። ሄጄ ይቅርታ ልጠይቀው?"

"የማስተምርባቸው ናቸው።"

"ስድስቱም? እኔ ከነዚህ ሥር አልተኛም። ነገ እሄዳለሁ።"

እንቁ አልተከራከረችም። ስድስቱንም አውርዳ፣ ወይዘሮ ሀብትነሽ እህል ከሚያኖሩበት ጓዳ ወስዳ ጎታው ሥር ደረደረቻቸው። ግድግዳው ራቁቱን ሲቀር ዞራ ዞራ አየችው፤ ለአባቷ ግን ፊቷን ፈትታ እራት አቀረበች። እሳቸውም ቆዩ።

እህል ባለበት አይጥ አይጠፋም፤ ቅቤ ሲጨመርበት ደግሞ ዘመዱን ሁሉ ጠርቶ ይመጣል። ብዙም ሳይቆይ ወይዘሮ ሀብትነሽ እየጮኹ መጡ። አምስቱ ጊታሮች ደህና ነበሩ። የስድስተኛው ደረት ግን ከክሩ ሥር ተበልቶ አፉን ከፍቷል። እንቁ ታቅፋው መጥታ ደጃፏ ላይ ቁጭ አለችና አለቀሰች። ትልቅ ሰው ናት፣ መምህርት ናት፤ ቢሆንም አለቀሰች።

"ምን ሁነሽ ነው?" አሉ አባቷ።

"ምንም።"

ጊታሩን ከእቅፏ ወስደው ዳሰሱት፤ አሸተቱት።

"ቅቤ ቀብተሽዋል?"

"እማማ ሲያደርጉ አይቼ።"

"እናትሽ የቀባችውን ከጭሱ በላይ ትሰቅለው ነበር። ጎታ ሥር አትጥለውም!" አሉና ጊታሩን ቀስ ብለው መልሰው አስታቀፏት። ጎታ ሥር ያስጣለው ማን እንደሆነ ትዝ አላቸው መሰለኝ።

በማግሥቱ እንቁ የፍየል ቆዳ ፈልጋ አመጣች፤ የተበላውን ደረት አውልቃ እንደ ማሲንቆ በቆዳ ልትሸፍነው አስባለች። ደረቁን ቆዳ በሚስማር መምታት ጀመረች። አባቷ ደጃፉ ላይ ፀሐይ ይሞቃሉ። አንዱን ሚስማር ስትመታ ቀና አሉ። ሲደገም ጉሮሯቸውን ጠራረጉ። በሦስተኛው ግን አልቻሉም።

"አንቺ ልጅ! ቆዳ እንዲህ ይወጠራል? ያባትሽ ቤት ቁርበት አይተሽ አታውቂም? ወዲህ በይው!"

ዕድሜያቸውን ሙሉ ቁርበት በካስማ ሲወጥሩ፣ ለአልጋ ጠፍር ሲተለትሉ የኖሩ ገበሬ ናቸው። ቆዳውን ውኃ አስነከሩ፣ ፀጉሩን ላጩ፣ ዙሪያውን በጠፍር ሰፉ። "ሳብ! ሳብ አድርጊ! ምን በልተሽ ነው ያደግሽው?" እያሉ ልጃቸውን ሲያዙ ዋሉ።

"እንግዲህ ነገ ይሄዳሉ?" አለች እንቁ፣ ፈራ ተባ እያለች።

"ቆዳው ሳይደርቅ? ቢላላ ማን ያጠብቀዋል? አንቺ በሚስማርሽ?"

ከዚያ ወዲያ በየጠዋቱ በጣታቸው እያንኳኩ "ገና ነው" ይላሉ። ቆዳው ከደረቀ ሰንብቷል፤ እንቁም አውቃለች፤ ትንፍሽ አላለችም። ሐኪሙ ግራ ዓይናቸውን በቀጠሮው ሠራው።

ዓይናቸው በተፈታ ዕለት ክሩን ወጥራ መታችው። ድምፁ የጊታርም የማሲንቆም አልነበረም፤ ሞቅ ያለ፣ ትንሽ ጎርነን ያለ ነበር። አቶ አብተው በሁለት ዓይናቸው እያዩ አዳመጡና "ቆዳው ጥሩ ነው" አሉ። ሌላ ቃል አልወጣቸውም። በማግሥቱ አገራቸው ገቡ። እንቁ ስድስቱንም መልሳ ሰቀለቻቸው፤ የአባቷ ዓይን ስለዳነ ደስ አላት፤ አንዲት የምርቃት ቃል ስለቀረችባት ግን ከፋት።

ፋሲካ ካለፈ በኋላ ሹፌሩ ቢሆነኝ አውቶብሱን አቁሞ፣ በገመድ የታሰረ ጥቅል ይዞላት መጣ።

"ከማንኩሳ ነው፤ አባትሽ ናቸው የላኩት። ጊታር ሠራሁ እያሉ ገበያተኛውን መድረሻ አሳጡት እኮ!"

ስትፈታው በወጉ የተወጠረ ጥቁር የፍየል ቆዳ ሆኖ ተገኘ። አባቷ ለእንግዳ እንኳ አላርድም ይሉት የነበረውን ሙክት በቀለሙ አወቀችው።

"መልእክትም አለ" አለ ቢሆነኝ። "ሰባተኛውን እኔ ሳልመጣ እንዳትጀምሪው፣ ቅቤም እንዳትቀቢው ብለዋል።"