በሙሉ ድምፅ የጸደቀ የጎልፍ ምት

ጥፋቱ የራሴ ነው። አሰበ ተፈሪ በስፖርት መምህርነት ስቀጠር፣ ቅጹ ላይ «ሌላ የሚችሉት ስፖርት» በሚለው መስመር ጎልፍ ብዬ ጻፍኩ። አዲስ አበባ በወጣትነቴ የፈረንጆችን የጎልፍ ቦርሳ እየተሸከምኩ ስከተላቸው፣ ማን እንደሚመታና ማን እንደሚስት ዱላው ሳይወርድ አውቅ ነበር። ጎበዙ ከእግሩ ይጀምራል፤ ወገቡ ይዞራል፣ ትከሻው ይከተላል፣ እጁ መጨረሻ ይደርሳል። ጀማሪው በእጁ ብቻ ይጎትትና ሣር ይነቅላል። እኔ ራሴ ግን አንድ ቀን እንኳ መትቼ አላውቅም።

ዓመት ሳይሞላኝ የከተማው የስፖርት ኮሚቴ ቅጹን አገኘው። ጎልፍን ከጥቂት ባለጸጎች እጅ አውጥተን ለሰፊው ሕዝብ እናደርሳለን ተባለና፣ ከክፍለ ሀገሩ በሚመጣ እንግዳ ፊት ምቱን እንዳሳይ ታዘዝኩ። ካልተሳካልኝ ወደ መቻራ እንደምዛወር ሊቀመንበሩ እየሣቀ ነገረኝ። ሚስቴ ስምንተኛ ወሯን ይዛ ነበር። መቻራን አልጠላሁትም፤ የፈራሁት መንገዱን ነው። በዚያ ኮረኮንች በጭነት መኪና የሄደ ሰው ይረዳኛል።

የመንገድ ሥራ ፈረንጆች ጥለውት የሄዱት አንድ የብረት ዱላ ከመጋዘን ተገኘ። ኳስ ስላልነበረ የትምህርት ቤቱ አናጢ ከእንጨት የገና ሩር ጠረበልኝ። ምቱን ከምለማመድበት ሜዳ ጫፍ ባለው የገበሬ ማኅበሩ አውድማ ላይ አንድ ሽማግሌ ማሽላ በዱላ ይወቁ ነበር፤ ሳያቸው ፈዝዤ ቀረሁ። ተረከዛቸው ብድግ፣ ወገባቸው ዞር፣ ዱላው መጨረሻ። ብረቱን ሰጥቻቸው ይሞክሩት ዘንድ ለመንኳቸው። እሳቸውም ሩሩን ከባሕር ዛፉ ማዶ ላኩትና፣ ሥራ አስፈታኸኝ ብለው ወደ ማሽላቸው ተመለሱ። ከልቤ ቀናሁባቸው።

ያየሁትን ለኮሚቴው አቀረብኩ። ጥቁር ሰሌዳ ላይ ሰው ሥዬ፣ መጀመሪያ እግር፣ ቀጥሎ ወገብ፣ ከዚያ ትከሻ፣ በመጨረሻ እጅ ብዬ አስረዳሁ። ሊቀመንበሩ ፊቱን አጨማደደ።

«ጓድ መምህር፣ የሚሠራው እጅ ነው። ወገብ ቁጭ ብሎ የሚቀለብ ነው። እንዴት ሆኖ ነው እሱ የሚመራው?»

ክርክሩ ከሰዓቱን ሙሉ ፈጀ። አንዱ አባል ትከሻ ወላዋይ ስለሆነ ጥንቃቄ ይደረግበት አለ። በመጨረሻ ሁሉም የሰውነት ክፍል እኩል እንዲነሣ፣ እኩል እንዲደርስ ተወሰነ። ውሳኔው በሙሉ ድምፅ ነው፤ እኔም እጄን አውጥቻለሁ።

እንግዳው በቀጠሮው መጣ። በውሳኔው መሠረት እግሬን፣ ወገቤን፣ ትከሻዬንና እጄን ባንድ ጊዜ አስነሣሁ። ሁሉም እኩል ሲነሣ ለካ የሚዞር የለም። ብረቱ ሩሩን አልፎ መሬት ቆፈረ፣ ንዝረቱ ጥርሴ ድረስ ተሰማኝ፣ እኔም በአፍጢሜ ተደፋሁ። እንግዳው ጨዋታው እንዲህ የሚያልቅ መስሎት ሞቅ አድርጎ አጨበጨበና በሂርና በኩል ወደመጣበት ተመለሰ።

ኮሚቴው ግን አልተሸወደም። እዚያው ሜዳው ጫፍ፣ አውድማው አጠገብ ተሰብስበን ግለ ሂስ እንዳቀርብ ተጠየቅኩ። ውሳኔው ስህተት ነበር ብል መቻራ ነኝ። ሚስቴ የጭነት መኪና ላይ ሆና ዓይኔ ላይ ድቅን አለችብኝ። ተነሣሁና፣ ከውሳኔው ውጪ ወገቤ ከእጄ ቀድሟል፣ ጥፋተኛ ነኝ አልኩ። ተጨበጨበልኝ። ወገቤ የቃል ማስጠንቀቂያ ተሰጥቶት እኔ በቦታዬ እንድቆይ ተወሰነ።

ሰዉ ሲበተን ሽማግሌው ዱላቸውን ተደግፈው ያዩኝ ነበር። ምቱን አይተዋል፣ ግለ ሂሱንም ሰምተዋል።

«ወላሂ፣ ወገብህ ንቅንቅ አላለም» አሉኝ። «ለምን ዋሸህ?»

መሬት ብትውጠኝ በወደድኩ። ስለ ሚስቴ፣ ስለ ወሯና ስለ መቻራ መንገድ ነገርኳቸው። ዱላቸውን ከመሬት አነሡ።

«እንግዲያ ወገብህ ቀድሟል» አሉና ወደ ማሽላቸው ዞሩ።