ጋሽ ይመር ላውንጅ የገቡ ዕለት

አጎቴ ጋሽ ይመር ከመካነ ሰላም ሊጠይቁኝ አዲስ አበባ ሲመጡ፣ ዘመናዊነቴን ላሳያቸው ብዬ አሥራ አንደኛ ፎቅ ላይ ያለ ላውንጅ ወሰድኳቸው። ኮክቴል ቀረበልን። እኔ ፉት ብዬ «ግሩም ነው!» አልኩ። በዙሪያችን ያለው ሽቅርቅር ሁሉ ያንኑ እያጣጣመ ነው። እሳቸው ግን ብርጭቆውን አልነኩትም።

«ቀጂው ሳይቀምስልኝ አልጠጣም። እኛ አገር ጠላ የሚቀዳ ሰው እንኳ መዳፉ ላይ ጠብ አድርጎ ሳይቀምስ አይሰጥም!»

«ኧረ ጋሼ፣ እዚህ እንዲህ አይባልም!»

«አብሽር፣ እኔ እነግረዋለሁ» ብለው አጨበጨቡ። ሰው ሁሉ ዞረ። አሥራ አንደኛ ፎቅ ላይ ሆኜ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ተመኘሁ።

ባለ ቢራቢሮ ከረባቱ ቀጂ መጣና በትሕትና መዳፉ ላይ ጠብ አድርጎ ቀመሰ። ፊቱ ጭምድድ አለ።

«ይቅርታ አባቴ፣ ስኳር መስሎኝ ጨው ነው የጨመርኩበት!» ብሎ ከየጠረጴዛው ብርጭቆ ሊሰበስብ ሮጠ።

የእኔ አልቆ ነበር።