ያመለጠችው ሳህን

ዓለም ባንክ ሰፈር ያለው ግቢዬ ውስጥ ያለችውን ሰርቪስ ቤት ለጃፓናዊት አከራየሁ። ጎረቤቴ ምን ዓይነት ሰው እንደሆነች ስትጠይቀኝ፣ «በሀገሯ ተኳሽ ነበረች» አልኳት። ከዚያች ቀን ጀምሮ ሁለታችንም እንቅልፍ አጣን።

የነገረችኝ ራሷ ናት። ሰፈራችን ካለ ትምህርት ቤት በበጎ ፈቃድ ስፖርት ልታስተምር መጥታ፣ ቤቱን ልታይ የገባች ዕለት፣ በለመደቻት አማርኛ ቀስ እያለች አወራችኝ። ከመሬት ተወንጭፎ አየር ላይ የሚበር የሸክላ ሳህን በጠመንጃ መትቶ መስበር ነው ውድድሩ። ዐሥራ ስድስት ዓመት ለሀገሯ ተወዳድራለች። እኔ በሆዴ፣ ሳህን ለመስበርማ እኛ ቤት ጠመንጃ አያስፈልግም አልኩ። አላመንኳትም። ሰው በጤናው ዕድሜውን ሳህን ሲሰብር ይኖራል?

ያልጠረጠረ ተመነጠረ እየተባልኩ ነው ያደግኩት። በየማለዳው መጋረጃዬን ገለጥ አድርጌ አያታለሁ። የመወልወያውን እንጨት ጉንጯ ላይ ትለጥፋለች፣ ትንፋሿን ትይዛለች፣ ድንገት «ሃ!» ብላ ጮኻ እንጨቱን ወደ ሰማይ ታዞራለች። ሳህኑ የሚወነጨፈው ተኳሹ ሲጮኽ ነው ብላኛለች። ጎረቤቴ ግን ከአጥሩ በላይ ብቅ ብላ፣ «አንቺ፣ በኔ ጣራ ላይ እኮ ነው የምታነጣጥረው!» ትለኛለች። ጃፓናዊቷ ስትመጣ የያዘችው ረጅም ጥቁር ሻንጣም ነበር፤ ሲከፈት አይቼው አላውቅም።

አንድ ሐሙስ ረፋዱ ላይ፣ እሷ ትምህርት ቤት ሳለች፣ ውሃ መጣ። እኛ ሰፈር ውሃ በፈረቃ ስለሆነ፣ ተከራይ ቧንቧ ክፍት ትቶ ወጥቶ ቤቱ እንዳይጥለቀለቅ አከራይ ትርፍ ቁልፍ ይይዛል። የሷ ቧንቧ መዘጋቱን ደጅ ሆኜ አውቄዋለሁ፤ ጠብ የሚል ነገር አልነበረም። ቢሆንም ቁልፉን አንስቼ ገባሁ።

ሻንጣው አልጋ ሥር ነበር። ስከፍተው ጠመንጃ የሚተኛበት ጎድጓዳ ቦታ ባዶውን አፈጠጠብኝ። ጥጉ ላይ ግን በፎጣ የተጠቀለለ ክብ ነገር አለ። ገለጥኩት። መዳፍ የምታክል፣ ላይዋ ብርቱካናማ፣ ሥሯ ጥቁር። ፈንጂ! አልኩ። ከእጄ አምልጣ ሲሚንቶው ላይ ወደቀች። ዐይኔን ጨፍኜ ጆሮዬን ያዝኩ። የፈነዳ ነገር የለም። ዐይኔን ስገልጥ አራት ቦታ ተሰብራለች።

ስብርባሪውን እየለቀምኩ ቀና ስል በሩ ላይ ቆማለች።

«ውሃ መጥቶ...» አልኩ።

አጠገቤ ቁጢጥ ብላ አብራኝ ለቀመች። አልተቆጣችም፤ ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር።

«እትዬ፣» አለችኝ፣ «የዓለም ውድድር ልሄድ አንድ ሳህን ብቻ ቀርቶኝ ነበር። እሷን ሳትኳት። ሣር ላይ ወድቃ ሳትሰበር አገኘኋት። ከዚያ በኋላ ዐይኔ ደከመ፣ ተውኩት።»

«ሌላ እገዛልሻለሁ» አልኳት፣ የት እንደሚሸጥ እንኳ ሳላውቅ።

«ሌሎቹንማ ሰብሬያቸዋለሁ» አለች።

እንደዚያ ቀን አፍሬ አላውቅም። በማግስቱ ማለዳ መጋረጃው ጀርባ ቆሜ ያንን ጩኸቷን ጠበቅኩ። እንጨቱ ግድግዳው ላይ እንደተደገፈ ዋለ። ማምሻውን አዲስ ጓጉንቸር ገዝታ መጣች፣ እንደ ወትሮዋ ጎንበስ ብላ ሰላም አለችኝና በሯ ላይ አንጠለጠለችው። ትርፍ ቁልፍ አልሰጠችኝም፤ እኔም አልጠየቅኩም።

ጎረቤቴ ከአጥሩ በላይ አይታ፣ «አላልኩሽም? ከማን የምትደብቀው ነገር ቢኖራት ነው የምትቆልፈው?» አለችኝ።

«ከእኔ» አልኳት።