ልጄን ከሰመራ ላመጣት ሄጄ

ማለዳ፣ ከአዋሽ

ከአዋሽ የተነሳሁት ልጄን ከሰመራ ላመጣት ነው። ሰዓዳ በአንድ መሥሪያ ቤት በጸሐፊነት ተቀጥራ ገና ሙከራ ላይ ናት። ስልክ ደውላ «እማ፣ ደብዳቤ ልጽፍ ስል ኮምፒውተሩ ይደነዝዝብኛል። አለቃዬ ‹ሥራ አትችልም› ብሎ ሊጽፍብኝ ነው። ሳያባርሩኝ ልውጣ» ብላ አለቀሰች። እኔ ከአራተኛ ክፍል ያቋረጥኩ ሴት ምን እላታለሁ? ዕቃዋን የምንከትበት ባዶ ማዳበሪያ አጥፌ ያዝኩና ሚኒባስ ገባሁ።

መንገዱን የጅቡቲ ከባድ መኪኖች ሞልተውታል። ሹፌራችን ሊቀድም በወጣ ቁጥር ዓይኔን ጨፍኜ ዱዓ አደርጋለሁ። አጠገቤ የተቀመጡ የአፋር ሽማግሌ ሳቁብኝ።

«ዓይንሽን ስትጨፍኚ መኪናው ይቆማል እንዴ?»

«እኔ ባላይ አላህ ያያል፣ አባባ!»

ገዋኔን ስናልፍ ጥቁር ድንጋይና የግመል መንጋ እንጂ ሌላ አይታይም። ሚሌ ላይ ፍየል በሩዝ በላሁና ለሰዓዳም አስጠቀለልኩ። አመሻሽ ላይ ሰመራ ደረስኩ። የሚጋረፈው የሙቀት ነፋስ ጥላ ውስጥ ብትቆሙም ተከትሎ ይገባል።

ሰመራ፣ በማግስቱ

ጠዋት ቢሮዋ ድረስ አብሬያት ሄድኩ። ብርሃኑ የሚባል የኮምፒውተር ባለሙያ ለሌላ ሥራ መጥቶ ኖሮ፣ ለምኜ ኮምፒውተሯ ፊት አስቀመጥኩት።

«ኮምፒውተሩ ደህና ነው» አለ። «የምትጽፊበት ፕሮግራም ሲከፈት የማትፈልጊያቸው ተጨማሪ ትንንሽ ፕሮግራሞች አብረው ይነሳሉ። ያጨናነቁት እነሱ ናቸው። ለምን አላጠፋሻቸውም?»

ሰዓዳ አንገቷን ደፋች። «በፊርማ ነው የተረከብኩት። ከውስጡ አንድ ነገር ቢጎድል እኔ ነኝ የምጠየቀው።»

እኔም ክው አልኩ። የመንግሥት ንብረት ፈርሞ የወሰደ ሰው ወንበር ከቦታው ለማንቀሳቀስ እንኳ ይፈራል።

ብርሃኑ ሳቀ። «ኧረ እህቴ! መብራት ስታጠፊ አምፖሉ የት ይሄዳል?»

«እስቲ አንዱን አጥፋና መልሰህ አብራልኝ» አልኩት።

«እናቴ፣ እርስዎ ኦዲተር ነዎት እንዴ?»

የተጨማሪዎቹን ስም ዝርዝር ከፍቶ ከአንዱ ፊት ምልክቱን አነሳ፤ ጠፋ። መልሶ አደረገው፤ መጣ። ከዚያ ወንበሩን ለቀቀላት። «በይ ሌሎቹን አንቺ አጥፊ።»

የማትፈልጋቸውን ተጨማሪዎች ምልክት አንድ በአንድ አነሳች። ዘግታ ስትከፍተው፣ ቢስሚላህ ብዬ ሳልጨርስ ነጩ ገጽ ወጣ። መጻፍ አቅቷት የቆየውን ደብዳቤ ጽፋ ለአለቃዋ ወሰደችለት። አነበበና ፈረመ። «የነገውንም አዘጋጂ» አላት።

የነገውን! እኔ ይህችን ቃል ሰምቼ ነው ቁርስ የበላሁት።

ወደ ቤት

ልጄ ሥራው አላቃታትም፤ መንካት ነው የፈራችው። ፍርሃቱን ከማን እንደወረሰች ደግሞ ሚኒባሱ ውስጥ ያዩኝ ሁሉ ያውቃሉ። ስመለስ እንግዲህ ዓይኔን ገልጬ መንገዱን እያየሁ መጣሁ። አንዴ ብቻ ጨፈንኩ።

አዋሽ ስገባ ጎረቤቴ ፋጡማ በር ላይ ቆማ ኋላ ኋላዬን አየች።

«ልጅቷስ?»

«ሥራ ላይ ናት» አልኳትና፣ ባዶውን ማዳበሪያ ለከሰል መያዣ ሰጠኋት።