ከጥብስ ቤት ግድግዳ የወጣው ደጋን

ማክሰኞ ጠዋት ከአፍንጮ በር ተነስቼ በእግሬ ወደ ፒያሳ ወረድኩ። የወጣሁት ቀርከሃ ፍለጋ ነው። ለአጥር ወይም ለወንበር የሚሆነው ሞልቷል። እኔ የምፈልገው ለዓመታት የደረቀውን ነበር፤ ተሰንጥቆ፣ በስሱ ተልጎ፣ ሦስቱ ስንጥቅ አንዱ በሌላው ላይ በኮላ ሲጣበቅ ቀስት የሚወረወርበት ደጋን የሚወጣውን። እንዲህ ያለውን ቀርከሃ አዲስ አበባ ውስጥ በርካሽ አታገኝም ያሉኝ ሰዎች ነበሩ። እነዚህ ሰዎች እኔን በደንብ አያውቁኝም።

ለማታውቁኝ ደግሞ ልንገራችሁ። የተማርኩት እስከ አራተኛ ክፍል ነው። ከዚያ በኋላ ሬዲዮም፣ ሰዓትም፣ የኤሌክትሪክ ምጣድም የጠገንኩት ራሴን አስተምሬ ነው። ጡረታ ስወጣ ደጋን መሥራት ጀመርኩ። እስካሁን ከሠራኋቸው የተሰበሩት ሁለት ብቻ ናቸው፤ ሁለቱንም የሰበሯቸው አሳሳብ የማያውቁ ሰዎች ናቸው። በሦስት ንብርብር ግን ሠርቼ አላውቅም ነበር። አሠራሩን ያየሁት በልጄ ስልክ ላይ፣ አንድ የውጭ አገር ሰው በቪዲዮ ሲሠራ ነው። ሰውየው የሚናገርበት ቋንቋ አይገባኝም፤ እጁን ግን አየሁት። የእጅ ቋንቋ ለኔ በቂ ነው።

ይህን ሁሉ ያመጣችው ሒሩት ናት። የሰፈራችን ልጅና የስፖርት አስተማሪ ስትሆን፣ በባህል ስፖርት ቀስት ትወረውራለች። የከተማው ቡድን ምርጫ እሑድ ነበር፤ ደጋኗ ደግሞ ሳምንት ሲቀረው በልምምድ ላይ ተሰነጠቀባት። ከውጭ የመጣ ደጋን በዚህ ውድድር አይፈቀድም።

«ሦስት ዓመት ተጠባባቂ ሆኛለሁ ጋሼ» አለችኝ ቤቴ መጥታ። «ዘንድሮም ካልገባሁ መተዌ ነው።»

«እሑድ ደጋንሽ እጅሽ ላይ ነው» አልኳት።

ባለቤቴ በለጥሻቸው ከጓዳ ብቅ ብላ «በምን ሊሠሩት?» አለች። ኮቴን ለበስኩና ወጣሁ።

ፒያሳ

ፒያሳን ከልጅነቴ ጀምሮ አውቃታለሁ። አሁን የእግረኛ መንገዱ ሰፍቶ፣ መብራቱ ተተክሎ፣ እኔን የመሰለ ሽማግሌ ሳይገፋ የሚሄድባት ሆናለች። ብዙ የማውቃቸው ሱቆች የሉም። ወርቅ ቤቶቹ ግን አሁንም መስታወታቸውን እየወለወሉ ነው፤ የቀሩት ኬክ ቤቶችም ሽታቸው ከሩቅ ይጠራል። በስልሳ አምስት ብር ማኪያቶ ጠጣሁ። አረፋው ማንኪያ ያቆማል። ሙያ ማለት ይህ ነው፤ እኔም የሌላውን ሙያ ለማድነቅ አልሰስትም።

ከዚያ የወለልና የግድግዳ ልባጥ የሚሸጥበት ሱቅ ገባሁ። ከፋብሪካ የወጣ የቀርከሃ ጣውላ እንዳላቸው ሰምቼ ነበር። ከረባት ያሰረ ሻጭ በአክብሮት ተቀበለኝ።

«ለሳሎን ነው ለመኝታ ቤት አባባ?»

«ለደጋን ነው።»

ትንሽ አሰበና «የክፍሉን ስፋት ያውቁታል?» አለኝ።

ናሙናውን ተቀብዬ በሁለት እጄ ለማጉበጥ ሞከርኩ። «ይኸው፣ አይጎብጥም» አልኩት።

«ወለል እንዲጎብጥ አንፈልግማ አባባ!»

ልጁ እውነቱን ነው። ጣውላው እንደ መስታወት የለሰለሰ ግሩም ሥራ ነው፤ ግን አጫጭር ቁርጥራጮች ጎን ለጎን ተጣብቀው የተሠራ ስለሆነ በመጀመሪያው ስበት ቀጭ ብሎ ይሰበራል። ካሬው ደግሞ ወደ አምስት ሺህ ብር ነው። አመስግኜው ወጣሁ።

ሃብተ ጊዮርጊስ ድልድይ

ከፒያሳ ቁልቁል ወደ ድልድዩ ወረድኩ። እዚያ አካባቢ የማይሸጥ ነገር የለም፤ ካልሲ፣ የስልክ ሽፋን፣ መጥረጊያ፣ ሎሚ። ከድልድዩ አለፍ ብሎ አጠናና ቀርከሃ የሚሸጥበት ግቢ አለ። ረጃጅሙ ቀርከሃ አረንጓዴ እንደሆነ ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል።

«ትኩስ ነው ጋሼ! ትናንት ማታ የገባ!» አለኝ ሻጩ። «አንዱ በሁለት መቶ ብር።»

«ዳቦ ነው እንዴ ትኩስ የምትለኝ? እኔ የምፈልገው የከረመ ነው።»

አጠና ላይ ተቀምጦ የሚያርፍ ሸበቶ ተሸካሚ «የከረመ ከሆነ እኔን ይውሰዱኝ» አለ። ግቢው በሙሉ ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ።

እርጥብ ቀርከሃ ለደጋን አይሆንም። ሲስቡት ይጎብጣል፤ ሲለቁት ግን ወደ ቦታው አይመለስም፣ እንደጎበጠ ይቀራል። ለማድረቅ ወራት ያስፈልጋል፤ ሒሩት ያላት ደግሞ እስከ እሑድ ነው። ከግቢው ስወጣ ጉልበቴ ሳይሆን ልቤ ነበር የደከመው። ምሳ ሰዓት ሳይደርስ ራበኝና በአቅራቢያው ያለ ጥብስ ቤት ገባሁ።

ግድግዳው

ቤቱ ጠባብ ነው። ምድጃው ጥግ ላይ ነው፤ ከምድጃው እስከ በሩ ያለው ግድግዳ በሙሉ ለሁለት በተሰነጠቀ ቀርከሃ ለብሷል። ለጌጥ ተብሎ የተለጠፈ ነው፤ ብዙ ባህላዊ ምግብ ቤት እንደዚህ ያደርጋል። ጥብሴን አዝዤ ጀርባዬን ደገፍ ሳደርግ ክርኔ ቀርከሃውን ነካው፤ ድምፁም ጆሮዬ ገባ። ቀጭን፣ ጥርት ያለ ድምፅ። በጣቴ መታሁት። ደግሜ መታሁት።

ዓመታት የምድጃ ጭስና ሙቀት የጠጣ ቀርከሃ ነው! ከምድጃው አጠገብ ያለው እንደ ከሰል ጠቁሯል፤ ያ ከመጠን በላይ ደርቋልና ይሰበራል። በሩ ጋ ያለው ቢጫ ነው፤ ጭሱ አልደረሰውም። መካከል ላይ ያለው ግን ጥቁር ማር መስሏል። የትኛው የተሻለ እንደሆነ ለማወቅ ከጠረጴዛ ወደ ጠረጴዛ እየተዛወርኩ ማንኳኳት ጀመርኩ።

«አባባ፣ ወንበሩ አልተመቸዎትም?» አለች አስተናጋጇ ሳህኔን ይዛ እየተከተለችኝ።

«ተመችቶኛል። ዝም ብለሽ ተከተይኝ።»

አራተኛው ጠረጴዛ ላይ ስደርስ የቤቱ ባለቤት ወይዘሮ አልማዝ እጇን በሽርጧ እየጠረገች መጣች። ከኋላዋ ያላዘዝኩት ሁለተኛ ጥብስ ተከትሏታል። ፊቷ አመድ መስሏል።

«ጌታዬ፣ ፈቃዳችን ታድሷል፤ አምጪ ካሉኝ አመጣለሁ። ግድግዳው ይነሳል ብቻ አይበሉኝ።»

ከመሥሪያ ቤት ተልኬ የመጣሁ መስሏታል! ዛሬ በኛ ከተማ ግድግዳ የሚያንኳኳ ሰው ያስፈራል፤ አልፈርድባትም።

«የኔ እህት፣ እኔ ደጋን የምሠራ ሰው ነኝ። ግድግዳሽን ማስፈረስ አይደለም፣ መግዛት ነው የምፈልገው።»

ቁጭ አለች። «ቀልቤን ገፈፉት እኮ! እኔ ልጆቼን የት ይዤ እገባለሁ እያልኩ ነበር!» ከዚያ ሳቋ መጣ፤ ሳቋ ሲያልቅ ደግሞ ቁጣዋ። «እና አሁን ግድግዳዬን ነቅለው ሊሄዱ ነው?»

የሒሩትን ነገር ነገርኳት። ሦስት ዓመት ተጠባባቂ መሆኗን ስትሰማ ወይዘሮ አልማዝ ሁለተኛውን ጥብስ ወደ እኔ ገፋ አደረገችው። ከዚያ በራሴ ጭንቅላት የፈለቀውን ሐሳብ አቀረብኩ፤ የምነቅለውን ያህል አዲስ ቀርከሃ ገዝቼ፣ ሰንጥቄ፣ በእጄ እተካለሁ።

«አዲሱ ቢጫ ሆኖ አይለይም?»

«የአንቺ ምድጃ ያቀላዋል።»

«አራት» አለች ጣቷን አንስታ። «ከአራት በላይ ከነቀሉ ቤቴን ጥርሱ የረገፈ አፍ ያስመስሉብኛል።»

ወደ ግቢው ተመልሼ ሁለት ትኩስ ቀርከሃ ገዛሁ። ሻጩ «ዳቦው አማረዎት አይደል?» ብሎ ሸኘኝ። ለሁለት ስሰነጥቃቸው አራት ሆኑ። የድሮዎቹን ስነቅል ሚስማሮቹ የተመቱት ከላይ፣ ከታችና ወገቡ ላይ ነበር። የላዩና የታቹ ተቆርጦ ይወድቃል፤ የወገቡ ቀዳዳ ደግሞ ልክ መያዣው ላይ፣ ቆዳ የሚጠቀለልበት ቦታ ይውላል። ይህን ሳይ እግዚአብሔርም ደጋን ሠሪ ይወዳል አልኩ። አዲሶቹን መትቼ ስጨርስ ተመጋቢዎቹ አጨበጨቡልኝ። ሥራዬ ይገባዋል።

የሙክታር ማሽን

ከጥብስ ቤቱ ጀርባ ሙክታር የሚባል እንጨት ሠሪ አለ። መላጊያ ማሽኑ አሮጌ ነው፤ አያያዙ ግን እንደ ሙሽራ ነው፤ በዘይት የተወለወለ፣ አንድ ብናኝ የማይታይበት። ቀርከሃዎቹን በልኬ ሰነጠቀልኝና መላግ ጀመረ። የቀርከሃ ብርታት ያለው ውጫዊ ቆዳው ላይ ነው። ስለዚህ የሚላገው የውስጡ ፊት ብቻ ነው፤ ይህን ነግሬዋለሁ። እጅ ግን ልማድ አለው። ሙክታር ዕድሜውን ሙሉ የእንጨትን ሁለቱንም ፊት ሲያለሰልስ የኖረ ሰው ነው። የመጀመሪያውን ላገና ገልብጦ መልሶ አስገባው። ጮህኩ፤ ማሽኑ ከኔ በላይ ይጮሃል። ስንጥቁ በዚያኛው በኩል ነጥቶ ወጣ።

«ጥላሸቱን አነሳሁልዎት ጋሼ!»

«ነፍሷን ነው ያነሳህላት!»

ማሽኑን አጠፋ። ምን እንዳደረገ ሲገባው ራሱን ያዘ። እኔም ጉቶ ላይ ተቀምጬ ያቺን ስንጥቅ ጭኔ ላይ አድርጌ አየኋት። ከአራቱ አንዷ በልክ ስትሰነጠቅ ተሰብራብን ነበርና የቀሩኝ ይቺን ጨምሮ ሦስት ብቻ ናቸው። ወይዘሮ አልማዝ ሌላ አትሰጠኝም። እሑድ ሒሩት ባዶ እጇን ስትቆም ታየኝ።

ያን ጊዜ ኮላው ትዝ አለኝ። የቀርከሃ ቆዳ ሰም የተቀባ ያህል ስለሚያንሸራትት ኮላ አይዘውም። ቆዳ የሚያስፈልገው ከፊት ለሚውለው ለአንዱ ስንጥቅ ብቻ ነው፤ ከሥሩ የሚውሉት ሁለቱ በሁለቱም ፊት መላግ አለባቸው! ሳይላጉ ብወስዳቸው ኖሮ ደጋኑ በመጀመሪያው ስበት ተላቆ ይበተን ነበር። በስልክ ያየሁት ሰው እጅ ይህን አላሳየኝም፤ ወይም እኔ አላየሁትም።

«ሙክታር፣ ሌላዋንም እንደዚህ አድርጋት። ሦስተኛዋን ግን በቆዳዋ በኩል እንዳትነካት!»

«አሁን ተቆጥተው አልነበር?»

«አሁን ገባኝ። እንዲህ ቶሎ የሚገባው ሰው ብዙ አይደለም።»

ሙክታር ከት ብሎ ሳቀ። የእጁን ሦስት መቶ ብር ሰጠሁት። በስህተት የሠራው ከኔ ትእዛዝ የተሻለ እንደነበርም ነገርኩት፤ ይህን ለሰው መናገር አይቀናኝም።

መመለሻ

ስንጥቆቹን ታቅፌ ሚኒባስ ውስጥ ስገባ ጫፋቸው በመስኮት ወጣ። ረዳቱ «አባባ፣ የሁለት ሰው ይከፍላሉ፤ አንዱ በመስኮት ወጥቷል» አለኝ። ከፈልኩ። አፍንጮ በር ስደርስ በለጥሻቸው በር ላይ ቆማ ነበር። የያዝኩትን አሸተተችና «ጥብስ በላህ እንዴ?» አለች። አንተ የምትለኝ ስትቆጣ ብቻ ነው።

ያን ቀን ከሰዓት ስንጥቆቹን በኮላ አጣብቄ፣ በቀረጽኩት ጣውላ ላይ አጉብጬ፣ በቀጫጭኑ በተቆረጠ የጎማ ካላማዳሪ ላስቲክ ከጫፍ እስከ ጫፍ ጠቀለልኳቸው። በለጥሻቸው ጫፉን ይዛ ስትጎትት ከኔ ትበረታለች። ዓርብ ፈታሁት። ቅዳሜ ሒሩት መጣች። ደጋኑን ስትስብ ጠርዙ ላይ የደረቀ ኮላ ቀጭ ብሎ ተሰበረ። እሷ ግን አላቆመችም። እስከ ጉንጯ ሳበችው፤ ቀስ ብላ መለሰችው፤ እሱም ቀጥ ብሎ ወደ ቦታው ተመለሰ። ደጋኑን ደረቷ ላይ አቀፈችው።

እሑድ ቡድኑ ውስጥ ገባች፤ ዋና ተሰላፊ ሆና።

ይህ ጉዞ ያስተማረኝን ልጻፍ። ሱቅ ለሱቅ ስዞር የፈለግሁትን ዕቃ ሰው ተደግፎት ጥብስ ይበላበት ነበር። ከተማችን ውስጥ የከረመ ነገር ሞልቷል፤ ቆም ብሎ የሚያንኳኳው ነው የጠፋው። እኔም ገና የምማረው ነገር አለ፤ ብዙ ባይሆንም።

ሰኞ ምሥራቹን ልነግራት ሒሩትን ይዤ ወይዘሮ አልማዝ ዘንድ ሄድኩ። እልል አለች። አዲሶቹ አራት ቀርከሃዎች ከጨለማው ግድግዳ መካከል ቢጫቸውን አውጥተው ያበራሉ።

«እነዚህስ ለደጋን እስኪደርሱ ስንት ዓመት ይፈጃሉ ጋሼ?» አለችኝ ወይዘሮ አልማዝ።

«አሥር ዓመት።»

ሽበቴን አየችና ፈገግ አለች። «ያን ጊዜ ማን ይመጣል?»

«እኔ ነኛ! ያችን ከምድጃው ሦስተኛዋን ለሌላ ሰው እንዳትሰጪብኝ።»