በሳህን የተቀላቀለው ክኒን

ስለ መድኃኒት ያነበብኩትን ለሰው ሳላስረዳ አላድርም። ባለሱቁ አባቴ የሳንባ ምች ይዞት ጅጅጋ ውስጥ አንድ ክሊኒክ ተኝቶ ሳስታምመው፣ ስቴሮይድ ለዚህ በሽታ ይረዳ እንደሆነ የሚያጠኑ ሐኪሞች ለክፍሉ አራት በሽተኞች የሳምንት ክኒን በየስማቸው በፖስታ አደሉ። እኔም ሳልጠየቅ ማስረዳት ጀመርኩ።

«ስቴሮይድ የሳንባን ብግነት ያበርዳል። ግን የሚደርሰው ለግማሾቻችሁ ነው፤ ለቀሩት መልኩ ብቻ አንድ የሆነ ባዶ ክኒን ነው የተሰጣቸው። የማን የቱ እንደሆነ ሐኪሙም አያውቅም።»

«ሐኪሙም?» አሉ ከሀርሺን የመጡት ግመል ነጋዴ፣ አደር ፋራህ። አደር በሶማሊኛ አጎት ማለት ነው።

በማግስቱ ምሳ ይዤ ስገባ የአባቴ ፖስታ አደር ፋራህ ትራስ ሥር ነበር። እሳቸው ሳላቸው ቀሎላቸው ይስቃሉ፤ አባቴን ገና ትንፋሽ ያጥረዋል። ክኒኑን ለውጠውበታል ብዬ ጠረጠርኩ።

«አደር፣ የአባቴን መድኃኒት ለምን ወሰዱ?»

«አንተ ልጅ፣ ሌባ አደረግከኝ?» ፖስታውን ገለበጡት፤ ባዶ ነው። «የአራታችንንም ክኒን ሳህን ላይ ቀላቅለን እኩል ተካፈልን። ባዶውን ፖስታ ሒሳብ ልጽፍበት ብዬ አስቀመጥኩት።»

«ጥናቱን እኮ አበላሻችሁት! ማነው ይህን ሐሳብ ያመጣው?»

አደር ፋራህ በአገጫቸው ወደ አባቴ አልጋ ጠቆሙ።

«እኔ ነኝ» አለ አባቴ። «መድኃኒቱ ለእኔ፣ ባዶው ለእነሱ ቢደርስ በምን ዓይኔ አያቸዋለሁ?» አለና የዕለት ድርሻውን ዋጠ።